የሞዴል ሠሪዎች ሞርሳ፦ ምንድን ነው? ጠረጴዛ ላይስ እንዴት ይተከላል?

በአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች አንድ እንግዳ ብረት አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ከላይ ሲያዩት የኤሊ ጀርባ ይመስላል፤ ሁለት ሰፋፊ መንጋጋዎች አሉት፤ ብቻውን ሊያነሳው የደፈረ ሰው ወገቡን ይዞ ይቀመጣል። ሻጩ ብዙ ጊዜ «ትልቅ የአናጢ ሞርሳ» ብሎ ያልፈዋል። ገዢው ደስ ብሎት ቤቱ ይወስደውና እንደለመደው በአራት ብሎን ጠረጴዛው ላይ ሊያስረው ይሞክራል። ብሎን ይገባበታል ብሎ በጠበቀው ቦታ ግን መቀመጫ የለም። በምትኩ ማጠፊያ አለ፤ ከሥሩ የተንጠለጠለ ዘንግ አለ፤ ሲነኩት ደግሞ ይሽከረከራል። ብዙዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ዕቃው የተሰበረ ይመስላቸዋል።

አልተሰበረም። ዕቃው የተሠራው ከተራ አናጢ ለተለየ ባለሙያ ነው። ያ ባለሙያ ምን ይሠራ እንደነበር ሳይታወቅ ሞርሳውን መረዳትም ሆነ በትክክል መትከል ስለማይቻል፣ ከባለሙያው እንነሣ።

«ሞዴል ሠሪ» ማን ነው?

ሞርሳ የሚለውን ቃል አናጢውም መካኒኩም ያውቀዋል። እንደ ዳዶ፣ ብሎን እና ትራፓኖ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ሥሩ ከመንከስ ጋር ይዛመዳል። ነክሶ የሚይዝ ዕቃ ነውና ስሙ ተስማምቶታል። ሞዴል ሠሪ የሚባለው ግን በእኛ ዘንድ ብዙም የማይነሣ ሙያ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አማርኛ ጥሩ መንገድ አለው፤ ሰምና ወርቅ። አንጥረኛ የሚፈልገውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ያበጃል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ያሞቀዋል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በተወው ባዶ ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ቅኔው ስሙን ያገኘው ከዚህ ሥራ ነው።

ሞዴል ሠሪ የሚያበጀው የብረት ማቅለጫ ቤቱን «ሰም» ነው። ልዩነቱ ሰሙ እንጨት መሆኑና አለመቅለጡ ነው። የፓምፕ ቤት፣ የጥርስ መንኮራኩር ወይም የሞተር አካል በቀለጠ ብረት ሲቀዳ፣ ቅርጹ አስቀድሞ ከእንጨት ይጠረባል። እንጨቱ በሣጥን ውስጥ ባለ እርጥብ አሸዋ ይቀበርና አሸዋው ዙሪያውን ይጠቀጠቃል። ከዚያ እንጨቱ በጥንቃቄ ተስቦ ይወጣል። በቀረው ጉድጓድ የቀለጠው ብረት ይገባል። አሸዋው ይፈርሳል፤ እንጨቱ ግን ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጣል። አንድ ጥሩ ሞዴል ብዙ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል።

ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ያለው እንጨቱን በማውጣቱ ላይ ነው። ልጆች እርጥብ አሸዋ በስኒ ሞልተው ሲገለብጡ አይተን ይሆናል። አሸዋው ሳይፈርስ የሚወጣው ስኒው ወደ አፉ እየሰፋ የሚሄድ ስለሆነ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ቢሆን አሸዋው ይያዝና ይፈርሳል። ስለዚህ ሞዴል ሠሪው የሥራውን ጎኖች ሁሉ በትንሹ ያዘነብላቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ። የውስጥ ማዕዘኖችንም በሰም ወይም በቆዳ ሞልቶ ያለሰልሳቸዋል፤ ስል ማዕዘን የተቀዳውን ብረት ለስንጥቅ ያጋልጠዋልና።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሜትሩ ነው። ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ጊዛ የሚባለው ቀልጦ የሚቀዳ ብረት በአንድ ሜትር ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ብረት አረብ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር፤ ናስ በመካከላቸው ይወድቃል። ስለዚህ የእንጨቱ ሞዴል ከሚፈለገው ዕቃ መተለቅ አለበት። ይህን በየጊዜው እያሰላ እንዳይሳሳት፣ ሞዴል ሠሪው ለየብረቱ የተሠራ ልዩ ማስመሪያ ይይዛል። በላዩ «አንድ ሳንቲ ሜትር» ተብሎ የተጻፈው ከእውነተኛው በጥቂቱ ይረዝማል። እውነቱን ለማግኘት የሚዋሽ ማስመሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ተራ ሞርሳ ለምን አልበቃቸውም?

የአናጢ ሥራ በአብዛኛው ጠፍጣፋና ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ሳንቃ፣ እግር፣ የበር መቃን። ሁለት ትይዩ መንጋጋዎች እነዚህን ጥርቅም አድርገው ይይዛሉ።

የሞዴል ሠሪው ሥራ ግን አንድም ትይዩ ጎን ላይኖረው ይችላል። ክብ ነው፤ ጎኖቹ ያዘነበሉ ናቸው፤ ውስጡ ጎድጉዷል፤ ከአንድ ወገን ክንፍ ወጥቶለታል። መሮው ደግሞ ከላይም ከጎንም ከሥርም መግባት አለበት። በተራ ሞርሳ ይህን ለመሥራት ፈትቶ ማዞር፣ እንደገና ማሰር፣ በጉማጅ እንጨት መደገፍ ያስፈልጋል። በየመፍታቱ ልኩ ይዛነፋል፤ ሥራውም ሊጎዳ ይችላል።

ተራ ሞርሳ የተጨበጠ እጅ ነው ብንል፣ የሞዴል ሠሪው ሞርሳ አንጓም ያለው እጅ ነው። ይይዛል፤ ከያዘ በኋላም ያዞራል።

ማን ሠራው?

በዚህ ዘርፍ በጣም የታወቀው ስም ኤመርት ነው። ጆሴፍ ኤመርት በፔንስልቬንያ ግዛት በዌንስቦሮ ከተማ የሠራው ሞርሳ በ1891 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የፈጠራ መብት አግኝቷል። ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ተነሥቶ በመኪና ለሚሄድ ሰው ከተማዋ ሁለት ሰዓት አትፈጅም። ሞርሳው እዚያ መወለዱ አያስደንቅም። ዌንስቦሮ ትንሽ ብትሆንም የእንፋሎት ሞተር፣ የእህል መውቂያና የብረት መሞረጃ ማሽን የሚሠሩ ፋብሪካዎች የበዙባት ነበረች። ማሽን የሚሠራ ብረት ያስቀዳል፤ ብረት የሚያስቀዳ ሞዴል ሠሪ ይፈልጋል።

ከኤመርት ምርቶች ትልቁ «ኬ1» የሚባለው ሲሆን፣ ከጀርባው ቅርጽ የተነሣ ሰዎች «የኤሊ ጀርባ» ይሉታል። የመንጋጋው ወርድ 18 ኢንች፣ ማለትም 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱ ወደ 40 ኪሎ ግራም ነው። የታናሹ «ኬ2» መንጋጋ ወርድ 14 ኢንች ነው። በሚሺጋን ግዛት የግራንድ ራፒድስ ከተማው ኦሊቨርን ጨምሮ ሌሎች አምራቾችም ለዚሁ ሙያ ሞርሳ አቅርበዋል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከእስያ የመጡ ቅጂዎች ተከትለዋል።

በነገራችን ላይ ሞርሳው ራሱ ከጊዛ የተቀዳ ነው። እያንዳንዱ አካሉ አስቀድሞ በሞዴል ሠሪ እጅ ከእንጨት ተጠርቧል ማለት ነው።

ምን ምን ያደርጋል?

ዋናው እንቅስቃሴ ሽክርክሪት ነው። ሁለቱም መንጋጋዎች የያዙትን እንደያዙ በጠረጴዛው ፊት ለፊት እንደ ሰዓት ዘንግ ሙሉ ዙር፣ 360 ዲግሪ ይዞራሉ። አግድም የነበረው ሥራ ሳይፈታ ይቆማል፤ ከሥር የነበረው ጎን ወደ ላይ ይመጣል።

ሁለተኛው መታጠፍ ነው። ሞርሳው በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ባለ ማጠፊያ የተያዘ በመሆኑ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ እስከ 90 ዲግሪ ይነሣል። ሙሉ በሙሉ ሲነሣ መንጋጋዎቹ ይተኛሉ፤ ሥራው በእነሱ መካከል እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ ይሆናል። በመካከል ባለው በማንኛውም ማዕዘን ላይ ማቆምም ይቻላል። ሽክርክሪቱና መታጠፉ ሲደመሩ ነው ሞርሳው አንጓ የሚሆነው።

የፊተኛው መንጋጋም ብቻውን ትንሽ ዘንበል ማለት ይችላል። ጎኖቹ ትይዩ ያልሆኑ፣ ወደ አንድ ጫፍ እየቀጠነ የሚሄድ እንጨት ያለ ሽብልቅ ይያዛል። ያንን ከ1 እስከ 3 ዲግሪ የሚያዘነብል ጎን ስናስታውስ ይህ ለምን እንደተጨመረ ግልጽ ነው። በመንጋጋዎቹ ጠርዝ ላይ ወደ ላይ የሚሳቡ ትናንሽ ጉጦች ደግሞ አሉ፤ ክብ ሳንቃ ወይም ቅርጹ ያልተስተካከለ ዕቃ በአራት ነጥብ ይይዛሉ። ሞርሳው ተገልብጦ ሲዞር ከሥር ሌላ ጥንድ አጫጭር መንጋጋ ይወጣል፤ እሱ ብረት ለመያዝ ነው።

ዛሬ ማን ይፈልገዋል?

ሙያው ተመናምኗል። የአሜሪካ ሞዴል ሠሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 የመሠረቱት ማኅበር በ1991 ከማሽን ሠራተኞች ማኅበር ጋር ተቀላቅሏል። ዛሬ ሞዴሉን በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ይቀርጸዋል፤ አንዳንዴም የአሸዋው ቅርጽ ራሱ ያለ ሞዴል ይታተማል። የማቅለጫ ቤቶች ሲዘጉ ሞርሳዎቹ ወደ ገበያ ወጡ።

የገዟቸው ጊታር ሠሪዎች፣ ወንበር ሠሪዎችና ቅርጻ ቅርጽ የሚፈለፍሉ ሰዎች ናቸው። የጊታር አንገት ከአንድ ጫፍ ቀጭን፣ ከሌላው ወፍራም፣ ጀርባው ክብ ነው፤ ለተራ ሞርሳ ጠላት ማለት ነው። ሥራው ሳንቃ መላግና መሳቢያ መገጣጠም የሆነ አናጢ ግን፣ በእኔ ግምት ገንዘቡንም ጠረጴዛውንም ባይነካ ይሻለዋል። ተራው የፊት ሞርሳ ለእሱ ፈጣንም ምቹም ነው።

አሮጌ ሲገዛ ምን ይታያል?

ዝገት አያስፈራም፤ በብሩሽና በዘይት ይለቃል። የሚያስፈራው ስንጥቅ ነው። ጊዛ በውስጡ ብዙ ካርቦን ስላለው ከመጣመም ይልቅ መሰበር ይቀናዋል። እጀታው ላይ ረጅም ቧንቧ አስገብቶ ያጠበቀ ወይም ሞርሳውን መሬት ላይ የጣለ ሰው መንጋጋውን ሊሰነጥቀው ይችላል። በብየዳ መጠገኑ ይቻላል፤ ሆኖም ጊዛ መበየድ ቀድሞ ማሞቅና ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ የሚፈልግ የባለሙያ ሥራ ነው። ስለዚህ ቀለም የተቀባን ሞርሳ፣ በተለይ የፊተኛውን መንጋጋ፣ ቀለሙን ጫር አድርጎ የብየዳ ጠባሳ መፈለግ ነውር የለውም።

ከዚያ የጎደለ አካል መቁጠር ነው። የማጠፊያው ሳህን አለ? ከሥር የሚደግፈው ዘንግና ማጥበቂያው አለ? የፊተኛውን መንጋጋ ትይዩ አድርጎ የሚቆልፈው ክፍልስ? ለአንዱ ሠሪ የተበጀ አካል ለሌላው አይገጥምም። ማጠፊያው የጠፋበት ሞርሳ ርካሽ ሊመስል ይችላል፤ ግን የጎደለውን በቶርኖ ቤት ማሠራት ከሞርሳው ሊወደድ ይችላል።

ጠረጴዛ ላይ እንዴት ይተከላል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስህተቱም ከአንድ ሐሳብ ይመነጫል፦ ሞርሳው ጠረጴዛው ላይ የሚጨመር ዕቃ ነው የሚል ሐሳብ። ይህ ሞርሳ ግን ጠረጴዛውን ለራሱ ያስቆርጣል። በር ሲሰቀል መቃኑ ለማጠፊያው እንደሚቦረቦር ሁሉ፣ እዚህም የጠረጴዛው ፊት ለማጠፊያው ይቦረቦራል።

ስለዚህ መሮ ከመነሣቱ በፊት የጠረጴዛው ሆድ ይታይ። የሞርሳው ባለጥርስ ዘንግ ከኋለኛው መንጋጋ አልፎ ወደ ጠረጴዛው ሥር ይገባል። ሞርሳው ወደ ላይ ሲታጠፍ ይህ ጅራት በተቃራኒው ወደ ታች እየወረደ ወደ ፊት ይወጣል። በዚህ መንገዱ ላይ መሳቢያ፣ አግዳሚ ወይም የጠረጴዛው የፊት ቀሚስ (ከገጹ ሥር እግሮቹን የሚያያይዘው ሳንቃ) ካለ ይጋጫል። መሳቢያው መነሣት፣ ቀሚሱም መቆረጥ አለበት። መሳቢያውን የሚወድ ሰው ሌላ ቦታ ይምረጥ።

ቦታው ለቀኝ እጅ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የጠረጴዛው ግራ የፊት ማዕዘን አጠገብ ነው። እግሩ ላይ በቀጥታ እንዳይሆን፤ ጅራቱና ደጋፊው ዘንግ የሚንቀሳቀሱበት ክፍት ቦታ ይፈልጋሉ። እስከ ጫፉ ድረስም አይጠጋ። ማጠፊያው ጫፉ አጠገብ ሲቦረቦር የሚቀረው እንጨት ቀጭን ስለሚሆን በጭረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቀጥሎ ውፍረቱ ነው። ማጠፊያው የሚጎትተው ብሎን ቀጭን ሳንቃ ላይ አይቆይም። የጠረጴዛው ገጽ ቀጭን ከሆነ ሞርሳው በሚያርፍበት ቦታ ከሥር ጠንካራ እንጨት በኮላ ይለጠፍበት። ዋንዛ ለመላግ የሚመች ግሩም እንጨት ነው፤ ይህን የመሰለ ሸክም ለሚችል ድጋፍ ግን ከእሱ የጠጠረ እመርጣለሁ። የሚነክሰው ቪቴ ብቻ ከሚሆን ደግሞ፣ ማጠፊያው በሚፈቅድበት ቀዳዳ ሁሉ እስከ ሥር የሚያልፍ ብሎን፣ ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ መጠቀም ይሻላል። ሞርሳው ወደ ላይ ሲታጠፍ ክብደቱ ብሎኑን ወደ ውጭ ይጎትተዋልና።

ልኩ የሚወሰደው ከሞርሳው ራሱ ነው፤ ከሥዕል ወይም ከሌላ ሰው ልክ አይደለም። አሮጌዎቹ በየዘመኑ ትንሽ ትንሽ ተለዋውጠዋል። የማጠፊያው ሳህን በካርቶን ላይ ይነደፍ፤ ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ በስኳድራ ይስተካከል፤ ከዚያ በስለት ይሰመር። ቡርቡሩ ቀስ በቀስ፣ ሳህኑን እየሞከሩ ይጥለቅ። ሰፍቶ የተቦረቦረ ቦታ እንደገና አይጠብም።

ከፍታው ላይ ሠራተኞች ይለያያሉ። አንዳንዶች የመንጋጋውን አናት ከጠረጴዛው ገጽ ጋር ልክ ለልክ ያደርጉታል። እኔ ብረቱን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጎ፣ መንጋጋዎቹን በእንጨት ልባስ ሸፍኖ፣ ልባሱን ከገጹ ጋር ማስተካከል ይሻላል ባይ ነኝ። መላጊያ ድንገት ቢያመልጥ እንጨት ያገኛል እንጂ ብረት አያገኝም። ልባሱ ሥራውንም ከብረት ንክሻ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ግን ብዙ ገዢዎችን ያሳዝናል። የኋለኛው መንጋጋ መሽከርከር ስላለበት ከጠረጴዛው ፊት ወጣ ብሎ ይቀመጣል። በተራ ሞርሳ እንደሚደረገው ከጠረጴዛው ፊት ጋር አስተካክሎ ረጅም ሳንቃ በጠርዙ ላይ ማስደገፍ አይቻልም። መፍትሔው በጠረጴዛው ሌላ ጫፍ ፊት ላይ የመንጋጋውን ያህል የወጣ ጉማጅ እንጨት መለጠፍ ነው። ሳንቃው አንዱን ጫፍ በሞርሳው፣ ሌላውን በጉማጁ ይደገፋል።

ሰቀላውስ? 40 ኪሎ ብረት በአንድ እጅ ደግፎ በሌላው ብሎን ማስገባት የሚቻል አይደለም። ሁለት ሰው ካለ መልካም። ከሌለ የጠረጴዛውን ገጽ ፈትቶ፣ ሥሩ ወደ ላይ እንዲሆን ገልብጦ መሬት ላይ ማስተኛት ነው፤ ያኔ ክብደቱ ያግዛል እንጂ አይታገልም። ገጹ የማይፈታ ከሆነ ከሞርሳው ሥር በልኩ የተደረደረ ሣጥን ይቀመጥ።

ጠረጴዛው ይችለዋል ወይ የሚለውን ለማወቅ ከመቦርቦሩ በፊት ቀላል ሙከራ አለ። አርባ ኪሎ ጤፍ የያዘ ከረጢት ሞርሳው በሚሆንበት የፊት ጠርዝ ላይ ይንጠልጠልና ጠርዙን ወደ ራስ ሳብ ያድርጉት። የኋላ እግሮቹ ከመሬት ከተነሡ ጠረጴዛው ገና ነው፤ ሥሩ ይከበድ ወይም ከግድግዳ ጋር ይታሰር።

ከተተከለ በኋላስ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር ባዶውን ይሁን። ሽክርክሪቱ ሙሉ ዙር ይሂድ፤ መታጠፉ እስከ 90 ዲግሪ ይነሣ፤ የሚነካ ነገር ካለ ያኔ ይታያል። በደረቅ ወራት እንጨት ስለሚኮማተር ብሎኖቹ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ይጠበቁ።

የመታጠፊያው ማጥበቂያ ሲላላ ግን አንድ እጅ ሁልጊዜ የሞርሳውን አካል ደግፎ ይያዝ። ሞርሳው ከነሥራው በራሱ ክብደት ሊወርድ ይችላል፤ ሌላው እጅ በዚያ ሰዓት በመንጋጋውና በጠረጴዛው ፊት መካከል መገኘት የለበትም።